የወዳጄን ጎማ ያስተነፈስኩ ዕለት

ቅናት እንደ ብጉር በወጣትነት የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። ጥርሴ ሲረግፍ፣ ፀጉሬ ሲሸሽ፣ ጉልበቴ መንቋቋት ሲጀምር እሱም አብሮ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ፣ ለካ የሚሄደው ሌላው ሁሉ ኖሯል። ቅናት እቴ! እኔ ጡረታ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ፤ እሱ ግን ባለፈው የበጋ መግቢያ፣ ዝናቡ ገና እንዳቆመ፣ በአንድ ብስክሌት ምክንያት እንደ አዲስ ሥራ ጀመረ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ብስክሌት ልናገር፤ ስለ ራስ መናገር ደስ ይላል።

አሶሳ የመጣሁት በደርግ ጊዜ፣ ከወሎ ተጭነው ከመጡት ሰፋሪዎች ጋር ነው። ጢሜ በወጉ አላጎነቆለም ነበር። እርሻው አልሆነልኝም፤ ሞፈር ስይዝ በሬዎቹ እንኳ ዞር ብለው ይታዘቡኝ ነበር። ኋላ ለወባ ትንኝ መድኃኒት ቤት ለቤት የሚረጭ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ስንት ትንኝ እንደገደልኩ አላውቅም፤ ስንት ዶሮ ከቤቱ እንዳስበረገግኩ ግን አውቃለሁ። በዚያ ሥራ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ፣ በወዲያ ደግሞ እስከ ሸርቆሌ፣ ያልረገጥኩት ቀጭን መንገድ የለም፤ ያውም በመሥሪያ ቤቱ ብስክሌት። ጡረታ ስወጣ ያቺን ብስክሌት ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር በጨረታ አወጧትና ገዛኋት። ሰው "ምን ልታደርግልህ?" ሲለኝ "ሁለታችንም ከአገልግሎት ውጪ ተብለናል፤ አብረን እንዝገት ብዬ ነው" እላለሁ።

ጥቁር፣ ከባድ፣ ጎማዋ ቀጭን፣ ማርሽ የሚባል ነገር በሕልሟም ያላየች ናት። ከኋላዋ ግን የመድኃኒቱ ጣሳ ይታሰርበት የነበረ ሰፊ የብረት መጫኛ አላት። ገና ሥራ ላይ ሳለሁ ጀምሮ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በዚያ መጫኛ ላይ ወዳጄን አመላልሻለሁ።

ወዳጄ ጎረቤቴ ነው። የበርታ ሰው፣ ልብስ ሰፊ፣ እኩያዬ፤ ማን ማንን በሁለት ዓመት እንደሚበልጥ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ከገበያው ዳር ባለች በረንዳ አርባ ዓመት የስፌት መኪናውን በእግሩ ሲመታ የኖረ ነው።

"አርባ ዓመት ፔዳል ረግጦ አንድ ክንድ ያልሄደ ሰው አንተ ብቻ ነህ" እለው ነበር።

"እኔ ቁጭ ብዬ አገሩን አለበስኩ" ይለኛል። "አንተ ይህን ሁሉ ሄደህ ምን አደረግህ? ትንኝ እንደሆነ ትናንትም ነክሶኛል።"

ከጋራው ማዶ ለውዝ የሚዘራባት፣ ጥቂት የማንጎ ዛፎችም ያሉባት ቁራሽ መሬት አለችው። ቅዳሜ ጠዋት ሊያያት ይሄዳል፤ ወሳጁ እኔ ነኝ። መንገዱ የድሮ ፒስታ ነው። አስፋልቱ በሌላ በኩል ከተሠራ ወዲህ መኪና ረስቶታል፣ ባጃጅም አይደፍረውም። ቀይ አፈርና ጠጠር ነው፤ ግራና ቀኙ ቀርከሃ፤ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ መልሶ ሽቅብ። ቀርከሃው በነፋስ ሲፋተግ ያረጀ በር የሚከፈት ይመስላል። ከዚያ ሌላ የሚሰማው የእኔ ካቴና ነው፤ እሷም ዘይት ከቀመሰች ቆይታለች።

መጨረሻ ላይ ዳገቱ አለ። ጠጠሩ ልቅ ነው፤ እግር ሲረግጡበት ይንሸራተታል። ሥሩ ስንደርስ ወዳጄ ከመጫኛው ዘሎ ይወርዳል። እኔ አልወርድም። ፔዳሌን እየረገጥኩ እወጣለሁ፤ እሱ አንድ እጁን መጫኛው ላይ ጣል አድርጎ በእግሩ ይከተለኛል። አናቱ ላይ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ተቀምጠን ለውዝ እየፈለፈልን፣ "በዚህ ዕድሜ ይህን ዳገት ከኮርቻ ሳይወርድ የሚወጣ ሰው ካለ አምጣልኝ" እላለሁ። እሱ "ማሻአላህ" ይላል። አሥራ ስምንት ዓመት ማሻአላህ ሲለኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ፊቱን ቀና ብዬ አላየሁትም። ያየሁት ማዶውን ነው፤ ለውዙንም።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው የወዳጄ ሴት ልጅ ባል የመጣው። ሕዳሴው ግድብ ላይ የሚሠራ ጎበዝ ነው። እዚያ ሲሠራ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወውን ብስክሌት ለአማቹ ይዞለት መጣ። እኔ በር ላይ ጥርሴን እየፋቅኩ ነበር።

"ያ አኺ!" ብሎ ተጣራ ወዳጄ። ወንድሜ ማለቱ ነው፤ ሲደሰት ዐረብኛው ይቀድመዋል። "ወላሂ ና! ይቺን እየው! ይቺ ጥሩ ነው!" በእሱ አፍ ብስክሌት አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ትሆናለች፤ በዚያ ጠዋት ግን ንግሥት ነበረች።

ሄድኩ፤ ዞርኳት። አረንጓዴ። ጎማዋ የእኔን ሁለት እጥፍ ይሰፋል፤ ላዩ ጥርስ በጥርስ፣ ልክ የበቆሎ ራስ። ማርሿን ቆጥሬ መሐል ላይ ጠፋብኝ። ፍሬኗ በጣት ሲነኳት ቀጥ ትላለች፤ የእኔዋ ለመቆም አንዳንዴ አጥር ያስፈልጋታል። አንድ ጉድለት እስካገኝ ድረስ ዓይኔ አላረፈም፤ በመጨረሻ አገኘሁ።

"መጫኛ የላትም" አልኩ።

"ምን ልጫንበት?"

"ሰው ነዋ! ሰው የት ይቀመጣል?"

"ሰውማ እዚህ" አለና ኮርቻውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከዚያ እግሩን አነሳ፣ ተቀመጠ፣ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረው። በአንድ እጁ ይነዳል!

"ብስክሌት መንዳት ትችላለህ እንዴ?"

"ልጅ ሆኜ ነው የተማርኩት።"

"አሥራ ስምንት ዓመት ከኋላዬ ተቀምጠህ አንድ ቀን ሳትነግረኝ!"

"አልጠየቅኸኝም" አለ፤ ሦስተኛውን ዙር ጀመረ።

ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና፣ "ምነው ፊትህ አብጧል?" አለች።

"ጥርሴ ነው።"

"የቱ? ያልወለቀው?" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ብስክሌቷ ግን ታምራለች" አለች። በትዳር ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚወጋ ይህች ሴት ታስተምር።

ልዋሽ አልፈልግም፤ ለብስክሌቷ ቀንቻለሁ። ሌት ተኝቼ የማርሿን ድምፅ እሰማለሁ እስክል ድረስ። ነገር ግን የባሰብኝ ሌላ ነበር፦ ቅዳሜዬ። የራሱ ብስክሌት ያለው ሰው ሹፌር ምን ያደርግለታል? ዛሬ ከፊቴ ይሄዳል፣ የዛሬ ሳምንት ሳይጠራኝ ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ ከጥቁሯ ጋር በር ላይ ቆሜ ጥርሴን እፍቃለሁ። የቀሩት ደግሞ ያን ያህል መፋቂያ የሚፈጁ አይደሉም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንደፈራሁት ሆነ። ከፊቴ ሄደ። አሥራ ስምንት ዓመት ጀርባዬን ሲያይ ኖረ እንጂ ጀርባውን አሳይቶኝ አያውቅም ነበር። ቁልቁለቱ ላይ እንደ ወፍ ሄደ። እኔ ጀርባዬ ቀለለኝ፤ መቅለሉ ግን አላማረኝም። ከኋላ ሰው ሳይኖር መሪው ይዋልላል፤ የሚያወራልኝም፣ "ቀስ በል፣ ጉድጓድ አለ" የሚለኝም የለም። ሦስት ጉድጓድ ገባሁ።

ከቀርከሃው መሐል አንዲት እናት ብቅ አሉ፤ በትከሻቸው በትር አጋድመው፣ በበትሩ ሁለት ጫፍ ቅርጫት አንጠልጥለው ወደ ገበያ የሚሄዱ። በየቅዳሜው እንገናኛለን። ወዳጄን አሳልፈው እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ባዶውን መጫኛ አዩ።

"ጭነትህ የት አለች?" አሉኝ።

"አመለጠኝ፣ እናቴ።"

"እኔ ሁለት ጭነት አለኝ፣ አንዱን ልስጥህ?" ብለው እየሳቁ በትራቸውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛውረው አለፉ። ሳቃቸው እስከ መታጠፊያው ተከተለኝ።

ዳገቱ ሥር ስደርስ ግን ወዳጄ ወርዶ ቆሟል። ጎማው ጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተ አላስወጣ ብሎታል። "ዛሬ በእግር" አለ። ደስታዬን ጉሮሮዬ ውስጥ ያዝኩት። በኋላ እንዳላሳፍረው ብዬ፣ ቸር ሰው አይደለሁ፣ እኔም ወረድኩና እየገፋን ወጣን። አናቱ ላይ ግን አላስቻለኝም።

"ብስክሌት ሌላ፣ ነጂ ሌላ" አልኩት። "የሚመጣው ቅዳሜ እኔ እንዴት እንደምወጣው ከታች ሆነህ ታያለህ።"

"ኢንሻአላህ" አለ፣ ለውዙን እየፈለፈለ።

ያን ሳምንት እንደ ጦር አዛዥ ሳስብ ከረምኩ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ድንጋይ የሆነ ጎማ ይሮጣል፣ የላላ ጎማ ይጎተታል። መሥሪያ ቤትም እንዲህ ነበር የተማርነው፤ ጠዋት ጠዋት ጎማውን በአውራ ጣት ተጭነህ፣ ጣትህ ከገባ ትነፋለህ። ዓርብ ዕለት ጥቁሯን ጎሚስታው ዘንድ ወሰድኩ።

"ሙላው" አልኩት።

ሞላ።

"ጨምር።"

"አባባ፣ ይፈነዳል።"

"ጨምር አልኩህ!"

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ፊቱን አዙሮ ጨመረ። በጣቴ ስመታው ከበሮ ሆኗል። ግማሹ ሥራ አለቀ። ቀሪው ግማሽ ግን የሚያሳፍረው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወዳጄ ብስክሌቱን ከግቢው ግንብ አስደግፎ፣ "ኮፍያዬን ላምጣ፣ ለውዝም አለ" ብሎ ገባ። እኔና አንዲት ፍየል ቀረን። በዚህ ዕድሜዬ፣ የልጅ ልጆች እያሉኝ፣ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ሲንቋቋ መንደሩ የሰማ መሰለኝ። የፊት ጎማውን ቫልቮላ ትንሽ ክዳን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና በቤቴ ቁልፍ ጫፍ ተጫንኩት። ፍስስስስ! ጠላት የመጣ ያህል ይጮኻል። በሳል ልሸፍነው ሞከርኩ። ከፊት አስተንፍሼ፣ ወደ ኋላው ዞሬ እሱንም። ፍየሏ ማመንዠኳን አቁማ ታየኛለች። "ምን ታያለሽ?" አልኳት። ብዙ አላወጣሁም፤ ጎማው መሬቱ ላይ ትንሽ ሆዱን እስኪጥል ብቻ። የኋላውን ክዳን መልሼ የፊቱን ከኪሴ ሳላወጣ የወዳጄ እግር ኮቴ ሲሰማኝ ብድግ ብዬ ሰማይ አየሁ።

"ምን አለ?" አለኝ።

"ደመና የለም።"

"በዚህ ወር ምን ደመና ይመጣል?" አለና ከለውዙ አንድ እፍኝ ሰጠኝ፤ ኪሴ ጨመርኩት። ወጣን።

ገና ከመጀመሪያው ጠጠር ጀምሮ አንድ ነገር ትክክል እንዳልሆነ ገባኝ። ከበሮ የሆነው ጎማዬ እያንዳንዷን ጠጠር ለብቻዋ ይነግረኝ ጀመር። እዘላለሁ፣ እወድቃለሁ፣ እዘላለሁ። ዓይኔ እየተንቀጠቀጠ አንዱን ቀርከሃ ሦስት አድርጎ አሳየኝ። የቀሩት ጥርሶቼ ሊሰናበቱኝ ተማከሩ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ግን እየዘፈነ ነው!

"ያ አኺ!" ብሎ ዞረ። "ዛሬ ይቺ ምን ሆነ? ፍራሽ ሆነ! ባለፈው እንደ አህያ ሲያንገጫግጨኝ ነበር፤ ዛሬ ወላሂ ፍራሽ!"

እንግዲህ በዚያች ሰዓት፣ አርባ ዓመት በብስክሌት የኖርኩ እኔ፣ ያላወቅሁትን አወቅሁ። ሰፊ ጎማ በጠጠር ላይ ሲላላ ጠጠሩን አቅፎ ነው የሚሄደው፤ ሲወጠር ነው እየነጠረ የሚንሸራተተው። ባለፈው ቅዳሜ ያላስወጣው ያ ኖሯል። እኔ ተንበርክኬ፣ በገዛ ቁልፌ፣ አበጀሁለት። በደግነት የሠራሁት ሁሉ እንዲህ ቢቃናልኝ ኖሮ የት በደረስኩ።

ዳገቱ ሥር ደረስን። እሱ ማርሹን ቀጭ ቀጭ አደረገና ሳይቆም ገባበት። ጎማው ጠጠሩን እየነከሰ፣ እግሩ የስፌት መኪና እንደሚመታ በእኩል እየረገጠ፣ ሳይቸኩል፣ ወጣ። በቃ፤ ወጣ። መታጠፊያው ላይ አረንጓዴው ቀለም ጠፋኝ።

እኔም ገባሁበት። አምስት ጊዜ እንደረገጥኩ የኋላ ጎማዬ ባለበት ዞረ፤ ጠጠር ወደ ኋላ ረጨና ቆምኩ። ተመልሼ ተንደርድሬ መጣሁ። ሰባት ጊዜ ረገጥኩ፤ ዞረ፤ ቆምኩ። ሦስተኛው ላይ ከነብስክሌቴ ወደ ሣሩ ጋደል አልኩ፤ ወደቅሁ ማለት እንኳ አይቻልም፤ ሣሩ ተቀበለኝ። እዚያ ተጋድሜ ወደ ላይ አየሁ። ዳገቱ ያው ዳገት ነው። ብስክሌቷ ያችው ናት። እኔም፣ ትንሽ ብበላሽ፣ ያው እኔው ነኝ። ታዲያ አሥራ ስምንት ዓመት እንዴት ወጣሁት? ከዚያ ዞሬ ባዶውን መጫኛ አየሁ።

ያ እጅ። "ጣል አድርጎ" ያልኩት እጅ።

"ያ አኺ!" አለ ከላይ። "ፈነዳ እንዴ?"

"አልፈነዳም!"

"ታዲያ ና!"

ከሣሩ አልተነሳሁም። ጥቂት ቆይቶ ጠጠር እየተንከባለለ መጣ፤ ከኋላው እሱ ነበር፣ በእግሩ፣ ብስክሌቱን ላይ ትቶ። ምንም ሳይጠይቅ ጥቁሯን ከሣሩ አነሳት፤ አቧራዋን በእጅጌው ጠረገላት። እኔ ኮርቻዋ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ከኋላ ዞረና መጫኛው ላይ እጁን አሳረፈ።

"ንዳ" አለ።

ነዳሁ። ጎማው እንደ ድሮው ያዘ። ወዲያው ታወቀኝ፤ ከወገቤ በታች ያለው ኃይል የእኔ ብቻ አልነበረም፣ ሆኖም አያውቅም።

"ስንት ዓመት ነው እንዲህ የገፋኸኝ?"

"መቼ ገፋሁህ? እጄን አሳርፌ ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅኸኝም" አለ፣ እያለከለከ።

አናቱ ላይ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እጄን ኪሴ ከትቼ ለውዝ ዘግኜ ዘረጋሁለት። አንድ ወሰደ፣ ሁለት ወሰደ፤ ሦስተኛውን አፉ ውስጥ ከትቶ ነከሰና ፊቱ ተለወጠ። አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። ጥቁር፣ ትንሽ፣ የቫልቮላ ክዳን።

"ይቺ ለውዝ" አለ ቀስ ብሎ፣ "አልተቆላም።"

ተነስቶ ሄደ። ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ ጣቱ ገባ። ክዳኑን ወደ ቦታው መለሰው። እኔ ማዶ ያለውን የለውዝ ማሳ በሕይወቴ እንደዚያ ትኩር ብዬ አይቼው አላውቅም።

"አንተ ነህ ፍራሽ ያደረግካት?"

"ቀንቼ ነው" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀሪ ጥርሴ አብሮ የወጣ መሰለኝ። "ከእንግዲህ ብቻህን ትሄዳለህ ብዬ ነው።"

ሳቀ። ጉልበቱን ይዞ፣ ኮፍያው እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ ኮፍያውን አንስቶ እያራገፈ፣ "አሥራ ስምንት ዓመት ከኋላህ ስቀመጥ እኔስ ምን ስሆን የነበረ መሰለህ?" አለኝ። "አገሩን የምታየው አንተ ነህ። ወንዙን፣ ቀርከሃውን፣ የሚመጣውን ሰው። እኔ የማየው ሸሚዝህን ነው። እሱንም ራሴ ነኝ የሰፋሁት፤ ኮሌታው ጠማማ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ጠማማ ኮሌታ!"

ስንመለስ እንድሞክራት ሰጠኝ። ነዳኋት፤ ቁልቁለቱን እስከ ታች። ቅናቴ ይለቀኛል ብላችሁ እንደሆነ፣ ጭራሽ ባሰበት። እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ አይሰጥም፤ ወይም ለአንዱ ከተሰጠ ለሁለተኛውም ይሰጣል። እሱ ጥቁሯን እየነዳ ከኋላዬ መጣ። በየጠጠሩ "ያ ራቢ!" እያለ ጌታውን ሲጠራ እሰማለሁ። ዘወር ብዬ አየሁትና ቀስ አልኩ፤ ጥቁሯ አጥር ካላገኘች የማትቆም መሆኗ ትዝ ብሎኝ።

ዛሬም ብስክሌቱ የእሱ ነው፤ ዛሬም እቀናለሁ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ እሱ ቀድሞ ይወጣል፣ ብስክሌቱን ያጋድማል፣ ተመልሶ በእግሩ ይወርዳል። እኔም አናቱ ላይ "በዚህ ዕድሜ ይህን ዳገት..." ብዬ እጀምርና አልጨርሰውም፤ እሱ ግን ሳልጨርስም "ማሻአላህ" ይለኛል።

አንድ ነገር ብቻ ተጨምሯል። በሳምንቱ መሐል ጎሚስታው ዘንድ ሄዶ ጎማውን ድርቅ አድርጎ ያስነፋል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ስደርስ ብስክሌቱን ከግንቡ አስደግፎ ያየኝና፣ "ኮፍያዬን ላምጣ" ብሎ ይገባል። ቆይቶ ነው የሚወጣው። እኔ ተንበርክኬ ቁልፌን አወጣለሁ፤ ፍየሏ ለምዳኛለች፣ ማመንዠኳንም አታቆም። ኮፍያው ግን ሲገባም ራሱ ላይ ነው።